የጓሮ ፕሮጀክተራችንና የ2020 የአሜሪካ ፉትቦል፦ ከአምስት አራት ኮከብ

ይህን ፕሮጀክተር ያዘዝኩት ሴፕቴምበር 17፣ 2020 ነው። ቀኑን ያልረሳሁት በዋዜማው በሆነው ነገር ነው። ቢግ ቴን የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ በኮቪድ ምክንያት ኦገስት ላይ የዘጋውን የአሜሪካ ፉትቦል (ኳሱ በእጅ የሚወረወረው) ሲዝን መልሶ ከፈተው። እኛ የምንኖረው ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ነው። እዚህ ከተማ ቅዳሜ ማለት የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። ስታዲየሙ ከ100 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። በዚያ ዓመት ግን ለሕዝብ የሚሸጥ ትኬት አልነበረም። የተጫዋቾችና የአሰልጣኞች ቤተሰብ ነበር የሚፈቀድለት። እኛም በቃ ጓሯችን ስታዲየም ይሁን አልን።

አሁን ሲዝኑ አልቋል። ዕቃውን ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ሠርቼበታለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን ልጻፈው።

መጀመሪያ ዕቃው ራሱ። የጫማ ካርቶን የሚያህል ነጭ ፕሮጀክተር ነው። 129 ዶላር ከፈልኩበት። ባለ 100 ኢንቹን የጨርቅ ስክሪን ለብቻው በ35 ዶላር ገዛሁ። ብራንዱን መጥራት ብዙም አይጠቅምም። ያው ዕቃ በአሥር ስም ይሸጣል፤ የሚለያየው ሳጥኑ ነው። ሳጥኑ ላይ 7,500 ሉመን (የብርሃን መጠን) ይላል። አትመኑ። "1080 ይደግፋል" የሚለውንም በጥንቃቄ አንብቡት። 1080 ምስል ይቀበላል ማለት እንጂ በዚያ ጥራት ያሳያል ማለት አይደለም። የሚያሳየው በ720 ነው። ለፉትቦል ይበቃል። የተጫዋቹ ቁጥር ይነበባል። ረጅም ኳስ ሲወረወር ግን ኳሷ አየር ላይ አንዳንዴ ትጠፋለች።

ለምን ገዛሁት? ባለቤቴ ነርስ ናት። ከማርች ጀምሮ የኮቪድ ሕሙማን ክፍል ነው የምትሠራው። ከሥራ ስትመለስ በጋራዥ በኩል ትገባለች። ልብሷን እዚያው ከረጢት ውስጥ ከትታ በቀጥታ ወደ ሻወር ትሄዳለች። ቤታችን ሕግ ወጣ፤ ከውጭ ሰው አይገባም። ለሐበሻ ቤት ይሄ ከባድ ነው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ለስምንት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋ ነው የሚውለው። ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ከዚያ ማርች መጣና በመስኮት እጁን አወዛውዞ የሚሄድ ሰው ሆነ። አንጀቴን ይበላው ነበር።

"ጓሮ ይቻላል" አለች ባለቤቴ። "ወንበር ከወንበር ስድስት ጫማ ይራራቅ። ማስክ ይደረግ። ሁሉም የራሱን ስኒ ይዞ ይምጣ። ጉርሻ የሚባል ነገር የለም።"

ክርክሩ ግን ከፕሮጀክተሩ በፊት ነው የጀመረው።

ኦገስት 11 ቢግ ቴንና ሌላው ሊግ ፓክ 12 የመጸው ስፖርታቸውን ለሌላ ጊዜ ሲያስተላልፉ ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። እኔና የባለቤቴ ወንድም ተናደድን። ሌላው ሊግ ኤስኢሲ እጫወታለሁ ይላል። ኤሲሲ የሚባለውም ሊግ እንደዚያው። ቫይረሱ አንድ ነው፤ ታዲያ እኛ ምን የተለየ ነገር ኖሮን ነው? የኦሃዮ ስቴቱ ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪው) ጀስቲን ፊልድስ ውሳኔው ይነሳ ብሎ በኢንተርኔት ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ። በአንድ ቀን ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ፈረመ። ከፈረሙት አንዱ እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ስትሰማ አልጮኸችም። "ፈረምክ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ምርመራው ከየት እንደሚመጣ ጠይቀሃል?"

ጥያቄዋ ዝም ብሎ የመጣ አልነበረም። በዚያው ወር ሥራ ቦታ ማስኩ የወለቀበት ሕመምተኛ አጠገብ ቆማ ነበር። ተመርመሪ ተባለች። ውጤቱ በስድስተኛው ቀን ነው የመጣው። ስድስት ሌሊት ምድር ቤት ተኛች። ምግቧን ደረጃው ላይ አስቀምጥላትና ወደ ላይ እመለሳለሁ፤ ከዚያ እሷ ትወስዳለች። አንድ ማስክ ለስንት ቀን እንደምትጠቀም ታውቃለች። "እኔ ስድስት ቀን ጠብቄ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ለጨዋታ በየቀኑ ይመረመራል?" ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ዛሬም የለኝም።

ወንድሟ ግን መልስ ነበረው። እሱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሥራው አንድ ቀን አልቆመም። "እታለም፣ ልጆቹ ቤታቸው ቢላኩ መች ከቫይረሱ ያመልጣሉ? እዚያ ማን ይመረምራቸዋል? ቡድኑ ጋ ቢሆኑ እኮ ሐኪም አላቸው" አላት። የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲው ኳርተርባክ ትሬቨር ሎውረንስም ያኔ የሚለው ይህንኑ ነበር። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ብዙዎቹ ተጫዋቾች የሚመለሱበት ቤት ካምፓሱን ያህል ሐኪምና ምግብ የለውም።

ልጃችን ኦሃዮ ስቴት ሁለተኛ ዓመት ነው። እሱን የቆረቆረው ሌላ ነገር ነው። "አባዬ፣ እኔ ዶርም ተቀምጬ በዙም እማራለሁ። ክፍል መግባት አደገኛ ከሆነ እርስ በርስ መጋጨት እንዴት ደህና ይሆናል? ደግሞ አይከፈላቸውም" አለኝ። ልክ ነው። በ2020 የኮሌጅ ተጫዋች ከስኮላርሺፑ ሌላ በስሙ ገንዘብ ማግኘት አይፈቀድለትም ነበር። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ የሌላ ሰው፣ አደጋው የልጆቹ።

ከሁሉም ያስደነገጠን ግን የልብ ጉዳይ ነው። ጁላይ ላይ ከጀርመን አንድ ጥናት ወጣ። ከኮቪድ ያገገሙ 100 ሰዎች ልባቸው በኤምአርአይ ታይቶ በ78ቱ ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ተገኘ። ሰዎቹ ስፖርተኞች አልነበሩም፤ ወጣቶችም አልነበሩም። ግን ፍርሃቱ ከዚያ ተነሳ። ሴፕቴምበር 11 ደግሞ የራሳችን የኦሃዮ ስቴት ሐኪሞች ያዩትን አወጡ። ኮቪድ ይዟቸው ከነበሩ 26 የኮሌጅ ስፖርተኞች በአራቱ ላይ የልብ ጡንቻ መቆጣት የሚመስል ነገር ታየ። ባለቤቴ ስልኳን አቀበለችኝ። "ከሃያ ስድስት አራት" አለች። ወንድሟ "ምልክት ታየ እንጂ ታመሙ አላሉም" አለ። ሁለቱም ያነበቡት አንድ ጽሑፍ ነው። ሁለቱም አልዋሹም።

ለዚህ ነው የሴፕቴምበር 16ቱ ውሳኔ ለኔ ትልቅ የሆነው። ቢግ ቴን መጫወት ብቻ አልነበረም የፈቀደው። በየቀኑ ፈጣን የአንቲጂን ምርመራ ይደረጋል አለ። ፖዘቲቭ የተባለ ተጫዋች ቢያንስ 21 ቀን አይጫወትም። ከመመለሱ በፊት ልቡ በኤምአርአይ ጭምር ይታያል። እኔ ፊርማዬን ያኖርኩት ይህ ሁሉ ሳይኖር ነው። ዛሬ ሳስበው የኦገስቱ "አይሆንም" ልክ ነበር፤ የሴፕቴምበሩ "ይሁን"ም ልክ ነበር። በመካከሉ ፈጣኑ ምርመራ መጣ። ያኔ ሰው ሁሉ የቢግ ቴኑን ኮሚሽነር ኬቪን ዋረንን ነበር የሚሰድበው። የኦገስቱን ድምፅ የሰጡት ግን የዩኒቨርሲቲ መሪዎቹ ናቸው፤ 11 ለ3። ተቃውመው የነበሩት ኦሃዮ ስቴት፣ ኔብራስካና አዮዋ ነበሩ።

ወደ ዕቃው ልመለስ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ኦክቶበር 24፣ ከኔብራስካ ጋር፣ እኩለ ቀን ላይ ነበር። ትልቁን ስህተቴን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ይህ ፕሮጀክተር በቀን ብርሃን ምንም አይሠራም። ትንሽ ይደበዝዛል ማለቴ አይደለም። ድምፁ ይሰማል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ነጭ አንሶላ ነው። የባለቤቴ ወንድም ከመኪናው ወፍራም የዕቃ መሸፈኛ ብርድ ልብሶች አምጥቶ በላዩ ላይ ድንኳን ሊሠራ ሞከረ። አልሆነም። በመጨረሻ የሳሎኑን ቴሌቪዥን ተሸክመን ጋራዡ አፍ ላይ አስቀመጥነው። ኦሃዮ ስቴት 52 ለ17 አሸነፈ። እኛ ግን የ129 ዶላሩን ዕቃ ጀርባ ሰጥተነው ነበር። አንድ ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው። ሻጩ "ለቀንም ለማታም" ብሎ መጻፍ አልነበረበትም።

ኦክቶበር 31 ግን ሌላ ነው።

ከፔን ስቴት ጋር ነው፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ሃሎዊን ነው፤ ጨረቃዋ ሙሉ ናት። ስክሪኑን የሰቀልኩት አጥሩ ጥግ ላይ በሰያፍ ነው። ምክንያት አለኝ። አጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ሰባዎቹን የተሻገሩ አሜሪካዊ ናቸው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስታዲየም ሲገቡ የኖሩ ሰው ናቸው። በሰያፍ ሲሰቀል እሳቸውም ከግቢያቸው ሳይወጡ ያያሉ። ወንበራቸውን አመጡ፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አደረጉ።

ፕሮጀክተሩን ከስክሪኑ ሦስት ሜትር ገደማ አርቄ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። አበራሁት። ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ አጥራችን ላይ ተዘረጋ። ማንም አልተናገረም። ጎረቤታችን ማስካቸውን ወደ ላይ አስተካክለው ወደ ፊት ጠጋ አሉ።

እዚህ ጋ ጥቂት የማንም ማስታወቂያ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። መጀመሪያ፣ ጨርቁ ከሳጥኑ ሲወጣ የታጠፈበት መስመር አለው። እሱን ካላስተካከላችሁ የሜዳው መስመር ሁሉ ይጣመማል። እኔ በጀርባው በኩል ለብ ባለ ካውያ ተኮስኩት፣ ተስተካከለ። ሁለተኛ፣ ዕቃው ሲሞቅ ጥራቱ ይንሸራተታል። በየሃያ ደቂቃው ምስል የሚያጠራውን ቀለበት በጣት ነካ ማድረግ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ጤዛ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲያልፍ ስክሪኑ ላይ ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ። አንዷ ጠብታ ከላይ ተነስታ በተጫዋቾቹ መሃል ቀስ እያለች ስትወርድ አስታውሳለሁ። ልጄ በፎጣ ጠረጋት። ሌንሱም ጭጋግ ይይዛል፤ ስለዚህ ከቤት አውጥታችሁ ወዲያው አታብሩት። ግማሽ ሰዓት ውጭ ቆይቶ ይቀዝቅዝ።

ድምፁን እርሱት። የራሱ ስፒከር የጣሳ ድምፅ ነው፤ ማራገቢያው ራሱ ይበልጠዋል። እኔ 40 ዶላር የማትሞላ ብሉቱዝ ስፒከር አያያዝኩበት፤ ድምፁ ግን ከምስሉ በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ በሽቦ አድርጉት። ኤክስቴንሽኑም የውጭ መሆን አለበት።

ያን ማታ 38 ለ25 አሸነፍን። የባለቤቴ ወንድም ከማርች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእህቱ ጋር ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። በስድስት ጫማ ርቀት፣ የየራሳቸውን ቴርሞስ ይዘው፣ እየተከራከሩ። "ጋሼ፣ አንተ ፍረደን" ይለኛል በየመሃሉ። እኔ ቀለበቱን እያስተካከልኩ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሲዝን የተቆራረጠ ነው። ከራትገርስ ጋር ማታ ስለነበር ጥሩ አየን። ሜሪላንድ ተሰረዘ፤ በነሱ ቡድን ቫይረሱ ገባ። ኢንዲያና እኩለ ቀን ነበር፣ ጋራዥ። ከዚያ ኢሊኖይ ተሰረዘ፤ በዚህኛው የታመሙት የኛዎቹ ናቸው፣ አሰልጣኙ ራያን ዴይም ጭምር። ሚሺጋን ስቴትን ሲያሸንፉ እሱ ሜዳ ላይ አልነበረም። የአላባማው አሰልጣኝ ኒክ ሴባንም ከኦበርን ጋር የነበረውን ጨዋታ ቤቱ ተቀምጦ ነው ያየው። ትሬቨር ሎውረንስም ሁለት ጨዋታ አመለጠው። ባለቤቴ ዜናውን በሰማች ቁጥር ምንም አትልም ነበር። እሷ የምታየው ሌላ ቁጥር ነው። ኖቬምበር ላይ የሷ ክፍል አልጋ ሞልቶ ነበር። ገዥው ማይክ ዴዋይን ከኖቬምበር 19 ጀምሮ የሰዓት እላፊ አወጡ፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ያለ በቂ ምክንያት መውጣት አልነበረም።

ከሁሉም የከበደው ዲሴምበር 12 ነው። ሚሺጋን። ይህ ጨዋታ ከ1918 ጀምሮ በየዓመቱ ሳይቋረጥ ተደርጓል። ያን ዓመት ሚሺጋን ውስጥ ቫይረሱ በዝቶ ቀረ። ጎረቤታችን አጥሩ ጋ መጥተው "እውነት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያልቀረ ነገር ነው። ፕሮጀክተሩ ከሳጥኑ አልወጣም። ደግሞ በቢግ ቴን ሕግ ለሻምፒዮናው ቢያንስ ስድስት ጨዋታ ያስፈልግ ነበር፤ እኛ የተጫወትነው አምስት። ሕጉን አነሱት። ልጄ "እንዲህ ከሆነ ሕጉ መጀመሪያ ለምን ወጣ?" አለ። እኔም ደስ እያለኝ አፈርኩ። የኔ ቡድን ባይሆን እጮህ ነበር።

ጃንዋሪ 1። ሹገር ቦውል የሚባለው ግማሽ ፍጻሜ፣ ኒው ኦርሊንስ፣ ከክሌምሰን ጋር። በክረምት ጓሮ ስለማይታመን ስክሪኑን ጋራዡ ውስጥ ሰቅለን በሩን ሙሉ በሙሉ ከፈትነው። ፕሮጀክተሩ ከበሩ አፍ ላይ ነው። ከነፋስና ከጤዛ ስለተጠበቀ ምስሉ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ በላጩ ነበር። ዕቃውን ከገዛችሁ እንዲህ ተጠቀሙበት።

በሁለተኛው ሩብ ፊልድስ ሲሮጥ ጎኑን ተመታ። ወደቀ። አልተነሳም። እኛ ሁላችን ተነሳን። በዚያች ቅጽበት የመኪና መብራት ግቢያችን ገባ። ባለቤቴ ናት። ተተኪዋ ነርስ ታማ ስለነበር አምሽታለች። መግቢያዋን ጋራዡን እኛ ይዘንባታል። መኪናው አጠገብ ቆመች። ማስኩ የተጫነበት ቀይ መስመር ከአፍንጫዋ ድልድይ እስከ ጉንጯ ይታያል። ከሳምንት በፊት የመጀመሪያውን ክትባት ወስዳለች፤ ግን ርቀቷን አልተወችም። ስክሪኑን አየች። ልጁ ጎኑን ይዞ ሣሩ ላይ ተጋድሟል።

"ይተነፍሳል?" አለች።

ውጤቱን አልጠየቀችም። ማን እየመራ እንደሆነም አልጠየቀችም። ፊልድስ ተነሳ፣ ለአንድ ኳስ ወጣ፣ ተመለሰ። ያን ማታ ስድስት የጎል ኳስ (ታችዳውን) ወረወረ። ባለቤቴ ጥቂት ቆማ አየችና በጀርባ በር ገባች። ወንድሟ ሰዓት እላፊው ሳይደርስበት ሄደ። መጨረሻውን እኔ፣ ልጄና ጎረቤታችን አየነው፤ 49 ለ28። የጃንዋሪ 11ዱን የፍጻሜ ጨዋታ በአላባማ 52 ለ24 ስለተሸነፍን አላወራበትም። ዕቃው ግን ያን ማታም አላሳፈረኝም።

ልግዛው ወይ ላላችሁኝ፦ የማታ ጨዋታ ለማየት፣ ጋራዥ ወይም ጨለማ ጓሮ ካላችሁ፣ ግዙ። ለቀን ከሆነ ገንዘባችሁን አታውጡ። የሻጩ አገልግሎት ጥሩ ነው። የስክሪኑ አንዱ ገመድ ተበጥሶ ነበር የመጣው፤ ፎቶ ልኬ በአምስት ቀን ሌላ ላኩልኝ፣ አላስከፈሉኝም።

ጁን 2021 የተጨመረ፦ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ባለፈው ወር የቢግ ቴን ትምህርት ቤቶች የልብ ጥናት ወጣ። ኮቪድ ይዟቸው የተመረመሩት 1,597 ስፖርተኞች ናቸው፤ የልብ ጡንቻ መቆጣት የተገኘባቸው 37 ናቸው፣ ከመቶ 2.3። አብዛኞቹ ምንም የሚሰማቸው ነገር አልነበረም፤ ያለ ኤምአርአይ አይታወቁም ነበር። ባለቤቴና ወንድሟ በዚህም ተከራከሩ። እሱ "አየሽ፣ ትንሽ ነው" አለ። እሷ "ሠላሳ ሰባት ልጅ ነው" አለች።

ሁለተኛ፣ ማራገቢያው መጮህ ጀምሮ ነበር። ጀርባውን ከፍቼ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረግኩት፣ ዝም አለ። ኦሃዮ ስቴት ሴፕቴምበር 2 ከሚኒሶታ ጋር ይጀምራል። የማታ ጨዋታ ነው። ጎረቤታችን ከአሁኑ ወንበራቸው የት እንደሚሆን ጠይቀውኛል።